«ኢግዛስፐሬት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጕምና አገባብ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ንዴትን የሚገልጹ ቃላት ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «ኢግዛስፐሬት» የሚባለው ግሥ ነው። ብዙዎቻችን «ማናደድ» ብለን ተርጕመን እናልፈዋለን። ትርጕሙ ግን በዚህ ብቻ የሚፈጸም ስላይደለ፥ ምንጩንና አገባቡን ቀጥለን እንመረምራለን።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። በላቲን «አስፐር» ማለት ሻካራ ማለት ሲሆን፥ ከዚህ የወጣው «ማሻከር» የሚል ግሥ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሻካራ ነገር ገላን አንድ ጊዜ ቢነካው ብዙም አይጐዳ፤ ደጋግሞ ሲፈትገው ግን ያቈስላል። በዛሬው አነጋገርም ቃሉ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ተደጋግሞ ትዕግሥትን ለሚያስጨርስ ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ቢባል ቅር ይለዋል፤ ይህ «አኖይድ» ነው። ዐሥር ቀን ተመላልሶ ያንኑ መልስ ሲሰማ ግን «ኢግዛስፐሬትድ» ይሆናል። በቍጣ ነዶ ጠረጴዛ ቢደበድብ ደግሞ «ኢንፊዩሪዬትድ» ይባላል። እንግዲህ መካከለኛው ቃል ከንዴት ጋር መታከትን የያዘ ነው።

በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው «ምርር አለው» ወይም «ትዕግሥቱ አለቀ» የሚለው ነው። «ቆሽቱ አረረ» ስንል ንዴቱን እንገልጻለን እንጂ መታከቱን አናሳይም። ምንጩን ተከትለን «ልቡ ሻከረ» ብንልም ቂም መያዝን ስለሚያሰማ ሐሳቡ ይለወጣል።

በአገባብ በኩል ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፥ «ኢግዛስፐሬትድ» የተማረረው ሰው ሲሆን፥ «ኢግዛስፐሬቲንግ» የሚያማርረው ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በማመልከቻው ላይ መማረሩን ሊገልጽ ፈልጎ ሁለተኛውን ቃል ቢጽፍ፥ «እኔ ሰው የማማርር ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ቃሉ «ኤግዛሰርቤት» ከሚባለው ጋር በድምፅ ይቀራረባል። ይህኛው በሽታን፥ ጠብን ወይም ችግርን ማባባስ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን «ኢግዛስፐሬት»ም በሽታን ለማባባስ ይነገር ነበር፤ ዛሬ ግን የሚማረረው ሰው፥ የሚባባሰው ነገር ነው።

ከዚህ የምንረዳው፥ የባዕድ ቃል ስናጠና ፍችውን ብቻ መያዝ እንደማይበቃ ነው። ማን በማን ላይ፥ ስንት ጊዜና በምን መጠን እንደሚናገረው ካላወቅን፥ አቤቱታችን በራሳችን ላይ ክስ ሊሆን ይችላል።