«ጢም» እና ተዛማጆቹ፤ ስለ አንድ የታወቀ ቃል ፍቺና አተረጓጎም

«ጢም» ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የታወቀ ቃል ነው። በመታወቁም ምክንያት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በአንድ መስመር ፍቺ ያልፈዋል፤ ተርጓሚም ያለ ማመንታት ይጠቀምበታል። ይሁንና ቃሉ በሕግ፣ በሃይማኖትና በልብ ወለድ ጽሑፎች ውስጥ ሲገኝ የሚያስከትለው የትርጉም ችግር ቀላል አይደለም። ጢም በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የዕድሜ፣ የክብር፣ የእምነትና የሐዘን ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ስያሜው የተዛባ እንደሆነ የሚዛባው መልእክት የፊት ጸጉርን ብቻ የሚመለከት አይሆንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የቃሉን አመጣጥ፣ ቀጥሎም በአማርኛ ያለውን የፍቺ ወሰን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ለአዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይበጃል የምንለውን አሠራር እናቀርባለን።

የቃሉ አመጣጥ

የቃሉ መነሻ የግእዙ «ጽሕም» ነው። ይህም በግእዙ መዝሙረ ዳዊት በ132ኛው መዝሙር፣ በአሮን ጢም ላይ ስለሚወርደው ሽቱ በሚናገረው ክፍል ይገኛል። ከግእዙ ጋር ሲነጻጸር የአማርኛው ቅርጽ ሁለት ለውጦች ይታዩበታል። አንደኛው የ«ጸ» ወደ «ጠ» መለወጥ ነው፤ «ጾም» «ጦም»፣ «ጸጕር» «ጠጉር» እንደ ሆነው ማለት ነው። ሁለተኛው የጉሮሮው ድምፅ «ሐ» ጠፍቶ ሳድሱ «ጽ» ወደ ሣልስ «ጢ» መለወጡ ነው። ትግርኛ ግን «ጭሕሚ» ሲል ይህንኑ የጉሮሮ ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። «ጺም» የሚለው ቅርጽ የግእዙን «ጸ» ከአማርኛው አናባቢ ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ በንግግርም በጽሑፍም ከ«ጢም» ጎን ለጎን ይሠራበታል። በፀሐዩ «ፀ» «ፂም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ከስርወ ቃሉ ጋር አይገጥምም።

የመላጫው ስምም እንዲሁ ጥንታዊ ነው። የግእዙ «ላጸየ» በአማርኛ «ላጨ»፣ የግእዙ «መላጼ» ደግሞ «ምላጭ» ሆኗል። በዚህኛው ስርወ ቃል «ጸ» ወደ «ጠ» ሳይሆን ወደ «ጨ» የሄደው ተከታዩ «የ» ላንቃዊ ስላደረገው ነው። «ሽበት»ም የግእዙ «ሢበት» ነው፤ የዕብራይስጡ «ሴባ» እና የዐረብኛው «ሸይብ» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ዕብራይስጥ ጢምን «ዛቃን»፣ ሽማግሌን «ዛቄን» ብሎ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ተነባቢዎች ሲጽፍ፣ ዐረብኛ ተዛማጁን «ዘቀን» ለአገጭ አውሎታል። ከዚህ እንደምንረዳው በሴማውያን ቋንቋዎች ጢም ከበቀለበት ቦታም ከባለቤቱ ዕድሜም ጋር ተሳስሮ ይሰየማል።

በአማርኛ ያለው የፍቺ ወሰን

አማርኛ የራስን ጸጉር በቅርጹ ለይቶ ለመሰየም የሚያስችል ሰፊ ሀብት አለው። ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሳዱላ፣ ሹሩባ፣ ጎፈሬ ስንል የምንገልጸው የጸጉሩን አቆራረጥ ወይም አሠራር ብቻ አይደለም። ቁንጮ ሲባል ሕፃኑ፣ ሳዱላ ሲባል ያላገባችው ልጃገረድ በአሳባችን ይመጣሉ። ወደ ፊት ጸጉር ስንመለስ ግን ስሞቹ ጥቂት ናቸው፤ በአንጻሩ ግሶቹ ይበዛሉ። የጎረምሳው ጢም ያቀመቅማል፤ የጎልማሳው ይጎፍራል ወይም ይንዠረገጋል፤ የሽማግሌው ይሸብታል። ባለጢሙም ያሳድገዋል፣ ይላጨዋል፣ ይከረክመዋል፣ ሲያስብም ይዳብሰዋል።

የአውሮፓ ቋንቋዎች በስም የሚለዩትን አማርኛ በአብዛኛው በግስና በቅጽል ይለየዋል። የልዩነቱም መሠረት ጢሙ በፊት ላይ ያለበት ቦታ ሳይሆን ባለቤቱ በሕይወቱ የደረሰበት ደረጃ ነው። ስለዚህ በ«ጢም» ሥር እነዚህን ግሶች የማይዘረዝር መዝገበ ቃላት የቃሉን ግማሽ ሕይወት ትቶታል ለማለት እንደፍራለን።

ከጥቂቶቹ ስሞች አንዱ «ሪዝ» ነው። አጠቃቀሙ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ተናጋሪ ለላይኛው ከንፈር ጸጉር፣ ሌላው ለጉንጭና ለአገጩ ያውለዋል። ባለሙያ የአንዱን ፍቺ ትክክል፣ የሌላውን ስሕተት ብሎ ቢደነግግ የቋንቋውን እውነታ መካድ ይሆንበታል።

ልዩነቱ ወሳኝ የሚሆንባቸው ጽሑፎች

በዕለታዊ ንግግር «ጢም» የሚለው አጠቃላይ ስም በቂ ነው። ችግሩ የሚነሣው የምንጩ ቋንቋ የፊት ጸጉርን ክፍሎች ለይቶ በየክፍሉ የተለያየ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። ሁለት አብነቶችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የእስልምና ሐዲስ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች ውስጥ የላይኛው ከንፈር ጸጉር እንዲያጥር፣ የአገጭና የጉንጩ ግን እንዲለቀቅ የሚያዝ ሐዲስ ይገኛል። ዐረብኛው የመጀመሪያውን «ሻሪብ»፣ ሁለተኛውን «ሊሕያ» ይላቸዋል። ተርጓሚ ሁለቱንም «ጢም» ቢላቸው ትእዛዙ ጢምን እያሳጠሩ ጢምን ማሳደግ ይሆናል፤ አንባቢውም በእምነቱ የተሰጠውን ሥርዓት ለመፈጸም አይችልም።

ሁለተኛው የሕግ ጽሑፍ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ በ1705 እ.ኤ.አ. ያወጡት ድንጋጌ ከካህናትና ከዲያቆናት በስተቀር ሰው ሁሉ «ቦሮዳ» እና «ኡሲ» እንዲላጭ፣ እንቢ ያለ ግን ቀረጥ እንዲከፍል ያዝዛል። ከፍተኛው ቀረጥ የተጣለው በታላላቅ ነጋዴዎች ላይ ሲሆን በዓመት 100 ሩብል ነበር። ገበሬው በመንደሩ ጢሙን እንዳሳደገ መኖር ቢፈቀድለትም ከተማ ሲገባና ሲወጣ ይከፍል ነበር። ለከፈለ ሰው የሚሰጠው የመዳብ ምልክት የአፍንጫ፣ የከንፈር ጸጉርና የጢም ሥዕል ተቀርጾበታል። ቀረጡም እስከ 1772 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ድንጋጌው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሲጠቅስ ትርጉሙ አንዱን ብቻ ቢጠቅስ፣ የላይኛውን ከንፈር ብቻ ያልተላጨ ሰው ቀረጥ ይከፍል እንደሆነና እንዳልሆነ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም።

ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም

ከአማርኛ በሚተረጎምበት ጊዜ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በአንድ የአማርኛ ልብ ወለድ «ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ጢሙን አልተላጨም» የሚል ዐረፍተ ነገር ብናገኝ፣ አገሬው አንባቢ ሐዘንተኛው ለሟቹ የሚገባውን እያደረገ መሆኑን ይረዳል። ልማዱን የማያውቅ ባዕድ አንባቢ ግን ሰውየው ራሱን እንደ ጣለ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞች ያጎፈሩት ጸጉርና ጢምም እንዲሁ ነው፤ ባገሬው ዓይን የተጋድሎ ምልክት ሆኖ ይታያል እንጂ የቸልተኝነት ውጤት ተደርጎ አይቆጠርም።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 10 የአሞን ንጉሥ የዳዊትን መልእክተኞች ጢም ገሚሱን ላጭቶ ይሰዳቸዋል፤ ዳዊትም ጢማቸው እስኪያድግ ድረስ በኢያሪኮ እንዲቆዩ ያዝዛል። ይህን ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ሐተታ አያሻም፤ ጢም ክብር መሆኑን ስለሚያውቅ ውርደቱም ወዲያው ይገባዋል። ይህን የባህል ዕውቀት የማይጋራ አንባቢ ሲያጋጥም ግን ተርጓሚው አንድ ሐረግ ጨምሮ ምክንያቱን ቢገልጽ ከጽሑፉ የወጣ አይባልም።

ስለ ስያሜ አሰጣጥ

ከዚህ በላይ ለተመለከተው ክፍተት አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ሕዝቡ የፈጠረውን መመርመር ይገባል። በእስልምና ትምህርት የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ የላይኛው ከንፈር ጸጉር «ቀድሞ ቀመስ» ይባላል። ከምግቡም ከመጠጡም ከአፍ በፊት የሚቀምስ ማለት ነው። የዐረብኛው «ሻሪብ»ም ከ«ጠጣ» ግስ የወጣ፣ «ጠጪ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል መሆኑ ስያሜው ምን ያህል የተሳካ እንደሆነ ያሳያል። የእንግሊዝኛው «መስታሽ» ደግሞ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ በኩል ከመጣ፣ የላይኛውን ከንፈር ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተገኘ ነው። «ቀድሞ ቀመስ» ከማንኛቸውም የማያንስ፣ አማርኛ በራሱ የቃል አመሠራረት ሥርዓት ያስገኘው ስያሜ ስለሆነ በመዝገበ ቃላት ራሱን የቻለ መግቢያ ሊሰጠው ይገባል እንላለን።

በዚሁ መሠረት የሚከተለውን አሠራር እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ጢም» አጠቃላይ ስም ሆኖ ይቆይ፤ «ጺም» በአቻነት ይመዝገብና ወደ እርሱ ይመራ። ሁለተኛ፣ የፊት ጸጉርን ክፍሎች መለየት ግድ በሚሆንበት ቦታ «ቀድሞ ቀመስ»፣ «የጉንጭ ጢም» እና «የአገጭ ጢም» ይባል። ሦስተኛ፣ «ሪዝ» ሁለቱም ፍቺዎቹ ይመዝገቡለት፤ ሙያዊ ጥንቃቄ በሚጠይቅ ጽሑፍ ውስጥ ግን ብቻውን አይግባ። አራተኛ፣ የባዕድ ስያሜ ቃል በቃል አይተርጎም። እንግሊዝኛ የአገጭን ጢም በፍየል ስም ይጠራዋል፤ ይህንኑ በአማርኛ የተናገረ ሰው ግን ባለጢሙን ሰድቧል። በጆሮ ግንድ በኩል የሚወርደውንም ጸጉር ከአሜሪካዊው ጄኔራል ከአምብሮዝ በርንሳይድ ስም ክፍሎቹን ገልብጦ «ሳይድበርን» ብሎታል፤ ለአማርኛ አንባቢ የሚጠቅመው ቦታውን የሚገልጽ ሐረግ እንጂ የጄኔራሉ ስም አይደለም።

ፈረንሳይኛ ጸጉር አስተካካዩን በጢም ስም «ባርብየ» ይለዋል፤ አማርኛ ደግሞ በጸጉር ስም ይጠራዋል። ሁለቱም ሙያውን በሚገባ ገልጸዋል። የተርጓሚና የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተግባርም እያንዳንዱ ቋንቋ የመረጠውን መንገድ ለይቶ ማወቅና በቃሉ ላይ ሕዝቡ ያኖረውን ትርጉም ሳያጎድሉ ማስተላለፍ ነው።