እንከተብ ወይስ እንተው? በጅቡቲ ከተማ፣ በአንድ የቀድሞ ባሕረኛ ቤት

በጥር ወር የጅቡቲ ከተማ ፊት ይለሰልሳል። በሐምሌና በነሐሴ ሰውን ከቤት የሚያስቀረው፣ ከአርባ ዲግሪ የሚያልፈው ሐሩር ጋብ ብሎ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ሕፃናት ከመሸም በኋላ በየደጁ ይሯሯጣሉ፤ እናቶች ቡናቸውን በረንዳ ላይ ያፈላሉ። እንዲህ ባለው አንድ ማምሻ ከቡና ቁርስ ጋር የቀረበልኝ ክርክር ለዚህ ለቤተሰብ ዓምዳችን የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ ለአንባብያን አቀርበዋለሁ።

የቤቱ አባወራ የቀድሞ የባሕር ኃይል የበታች ሹም ናቸው። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. አሰብን ለቀው በመርከብ ወደ ጅቡቲ ከተሻገሩት ባልደረቦች አንዱ ሲሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በወደቡ ዙሪያ ሆኗል። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው፤ የስኳር ሕመም አለባቸው። ባለቤታቸው የቤቱ ገንዘብ ያዥና ዳኛ ናቸው። ሴት ልጃቸው ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ ባሏ በጭነት መኪና በገላፊ በኩል ወደ አገር ቤት ሲመላለስ እርሷ ከወላጆቿ ጋር ሰንብታለች።

ክርክሩን ያመጣችው ልጅቷ ናት። ለእርግዝና ክትትል በሄደችበት አንድ የግል ክሊኒክ አዋላጅዋ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንድትወጋ፣ አባቷንም ይዛ እንድትመጣ መክራታለች። አባት ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ።

«እኔ ባሕር ኃይል ሳለሁ ተሰልፈን ተወግተናል። ሦስት ቀን በትኩሳት ተኛሁ። በጉንፋን ግን አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርቼ አላውቅም» አሉኝ።

የተወጉት ክትባት የምን እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ አላስታወሱም። ምናልባት የታይፎይድ ይሆናል። የጥንቱ የታይፎይድ ክትባት በርግጥም ብዙውን ሰው በትኩሳት ይጥል ነበርና፣ የአንዱን መርፌ ጥፋት ሌላው ሲሸከም መኖሩን በየሰፈሩ የምናየው ነው።

እመቤቲቱ ግን ከሁለቱም የተለየ ጭንቀት ነበራቸው። «ክፉ ነው ደግ ነው የሚለውን እናንተ ተከራከሩ። እኔ በዚህ ወር ከዕቁቡ ተርፎ በእጄ ያለው ገንዘብ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። ማንን ላስወጋ?»

ወደዚህ ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት «ጉንፋን ነው እኮ!» ለሚለው አነጋገር መልስ መስጠት ይገባል። በቋንቋችን አፍንጫን የሚያስነጥሰውንም፣ ጎልማሳን በአንድ ቀን ከአልጋ የሚጥለውንም ጉንፋን እንላቸዋለን። ተራው ጉንፋን ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሰውየው እያስነጠሰ ሥራውን ይሠራል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገተኛ ነው። ጧት ደኅና የዋለ ሰው ማታ በትኩሳት ይነዳል፤ መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል፤ ራሱ ይፈርጣል፤ ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ብዙው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል። ከማይድኑት መካከል ግን ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር፣ የልብና የሳምባ ሕመምተኞች ይበዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በያመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርስ ሰው በዚሁ በሽታ መዘዝ በመተንፈሻ አካል ሕመም እንደሚሞት ይገምታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን በሽታ ከማንም ባላነሰ እናውቀዋለን፤ ስሙን ብቻ ዘንግተነዋል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» ሌላ ሳይሆን ያኔ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። በከተማዪቱ ብቻ የሞተው ሰው ወደ አሥር ሺህ እንደሚደርስ ይነገራል። ቀባሪ ጠፍቶ፣ አስታማሚ ከታማሚ ጋር ወድቆ፣ እሳት የሚያነድ ሰው ያልተገኘበት ቤት ብዙ ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠራረገ በየደጁ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

በሽታው በየት በኩል ገባ? ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ጅቡቲ ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም.፣ ማለት በሽታው ከመምጣቱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበርና፣ ከመርከብ የወረደ ሳል ዋና ከተማው ለመግባት የቀናት መንገድ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዲያው በዚሁ በእኛ ወደብ?» አሉ። ለወደቡ ይቆረቆራሉ።

ወታደርም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። የዚያው ዓመት ወረርሽኝ ከተመዘገበባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ካንሳስ የሚገኘው ካምፕ ፈንስተን የተባለ የጦር ሰፈር ነበር። ምክንያቱን የጦር ሰፈር ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል፤ በአንድ አዳራሽ ተደርድሮ ተኝቶ፣ በአንድ ማዕድ በልቶ፣ በአንድ ተሽከርካሪ ተጭኖ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ትንፋሽ ይተነፍሳል። ቫይረሱ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዶክተር ቶማስ ፍራንሲስና ዶክተር ዮናስ ሶልክ ያዘጋጁት ክትባት በስፋት የተፈተነው በአሜሪካ ጦር አባላት ላይ ነው። ከሲቪሉ በፊትም የታደለው ለወታደሩ ነበር።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ያው ክትባት ከሸፈ። የተወጋውም ያልተወጋውም እኩል ታመመ። ሲመረመር ቫይረሱ መልኩን ለውጦ ተገኘ። «ለምን በያመቱ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይኸው ነው። የኩፍኝ ቫይረስ እንደ ታወቀ ጠላት አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን በያመቱ ልብሱን ይቀይራል። ስለዚህ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ የምድር ክፍል እየተሰበሰቡ የመጪውን ወቅት ክትባት ቅመም ይወስናሉ። ግምታቸው ሲሰምር ክትባቱ ከመቶ ከ40 እስከ 60 የሚሆነውን ሕመም ይከላከላል፤ ሲስት ከዚያ ያንሳል። ፍጹም ጋሻ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት። ሆኖም ተወግቶ የታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ይቀልለታል፤ ሆስፒታል የመተኛት ዕድሉም ያንሳል።

«መርፌው ራሱ ጉንፋን ይሰጣል» የሚባለው እውነት አይደለም። በክንድ የሚሰጠው ክትባት የያዘው የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱን ቁራጭ ስለሆነ በሽታ ሊያስይዝ አይችልም። የተወጋው ቦታ ያብጣል፤ ለአንድና ለሁለት ቀን ቀላል ትኩሳትና ድካም ሊሰማ ይችላል። ለወሬው መነሻ የሆነው ግን ሌላ ይመስለኛል። ሰውነት መከላከያውን ለማደራጀት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ መካከል ከሌላ ሰው የተጋባበት ሰው ጥፋቱን በመርፌው ላይ ያሳብባል። ደግሞም ክትባቱ ሌሎቹን ተራ ጉንፋኖች አይከለክልም።

እውነተኛውንም ጉዳት መደበቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ ፎርት ዲክስ የጦር ሰፈር አዲስ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ታይቶ ከአርባ ሚሊዮን በላይ ሰው በጥድፊያ ተከተበ። የተፈራው ወረርሽኝ ሳይመጣ ቀረ፤ ከተከተቡት ውስጥ ግን ከመቶ ሺህ አንድ የሚያህለው ጊያን ባሬ በሚባል ነርቭን በሚያደክም ሕመም ተጠቃ፤ ዘመቻውም ቆመ። ከዚያ ወዲህ በሚሰጡት ወቅታዊ ክትባቶች ይህ አደጋ ቢኖርም ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ነው። ቀደም ሲል ይህ ሕመም የያዘው ወይም ክትባት ተወግቶ ብርቱ የአለርጂ መዘዝ የደረሰበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መወጋት የለበትም። በትኩሳት የተያዘም እስኪሻለው ቢቆይ ይሻላል።

አሁን ወደ ጅቡቲ እንመለስ። ሽማግሌው «ይህ የብርድ አገር በሽታ ነው፤ እዚህ በሐሩሩ ምን ይሠራል?» ብለው ነበር። አስተያየታቸው የብዙዎች ነው። በብርድ አገር በሽታው በክረምት ይሰበሰባል፤ በሐሩር አገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወር ይችላል። በነሐሴ ሙቀት ሰው ሁሉ መስኮት ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣ ከፍቶ በአንድ ክፍል ሲታጨቅ ያ ክፍል ለቫይረሱ ከአውሮፓ ክረምት በምን ይለያል? ከዚህም በላይ ጅቡቲ በር ናት። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዘጠና ከመቶ የሚሆነው የሚያልፍባት፣ መርከበኛው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ የናጋድ ባቡር ተሳፋሪው፣ የልዩ ልዩ አገር ወታደሩ የሚገናኙባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ላይ ተገኝቶ በአፍሪካ ቀንድ በሰው ላይ የመጀመሪያው ሆኖ የተመዘገበውም በዚችው አገር ነው። የልጅቷ ባል በየሳምንቱ ከመንገድ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚገባ ራሱም አያውቅም።

ለእመቤቲቱ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። ሁለቱም ከሚቀደሙት ወገን ናቸው። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣ ስኳሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሳምባ ምች በቀላሉ ይከተላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ስትወጋ ግን ሁለት ሰው ነው የሚጠበቀው። ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው ይህን ክትባት አይወስድም፤ በእነዚያ ወራት ያለው ጋሻ እናቱ በማሕፀን ያቀበለችው ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በማሊና በኔፓል የተደረጉት ጥናቶች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ስለዚህ የግድ አንድ ብቻ ከሆነ ልጅቷ ትቅደም፤ አባት ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሳይሆን ለሚቀጥለው ወር ይቆዩ አልኳቸው። ሌላው ሐኪም ምናልባት ከእኔ ይለይ ይሆናል፤ እርሳቸውም አዋላጅዋን ደግመው እንዲጠይቁ መከርኋቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ተናግሬያለሁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶም ያበላሸዋል። በጅቡቲ ሙቀት በቦርሳ ተይዞ ቤት ድረስ መጥቶ የሚወጋ መድኃኒት ርካሽም ቢሆን አይገዛም። ክሊኒኩ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ማየት፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ መጠየቅ፣ በማሸጊያው ላይ የየትኛው ወቅት ክትባት እንደሆነና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ ነውር አይደለም። ባለፈው ዓመት የቀረ ክትባት የባለፈውን ዓመት ልብስ የሚያውቅ ዘበኛ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ እኅቶቻችን፣ ይህ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ስላልገባ ማግኘቱ ሊያስቸግር ይችላል። ያላገኘ ሰው ባዶ እጁን አይቀመጥ። የታመመውን ለብቻው ማስተኛት፣ መስኮት መክፈት፣ በክንድ ማሳል፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በጦር ሰፈር አልጋን ከአልጋ ማራራቅ፣ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በገዛ እጅ የሚገዛ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ትኩሳት ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥ፤ በጉበትና በአንጎል ላይ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ጡት አልጠባም ካለ ግን ሌሊቱን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ሽማግሌው ዝም ብለው ቆይተው፣ «የኅዳር በሽታ ጊዜ አያቴ ሁለት ወንድሞቿን ቀብራለች ይባል ነበር። ምን እንደሆነ የነገረን ሰው የለም» አሉ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው «በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው ክሊኒኩ?» ብለው ጠየቁ።

«አባዬ፣ ገንዘቡ ለአንድ ነው ተብሏል እኮ» አለች ልጅቷ።

«እኔ አልወጋም፤ ማቀዝቀዣውን ለማየት ነው የምሄደው። የመርከብ ማቀዝቀዣ ስጠግን ነው የኖርሁት፤ እነርሱ ቢዋሹሽ እኔን አይዋሹኝም።»

እመቤቲቱ ፈገግ ብለው ረከቦቱን ወደ ጎን አደረጉና ከመቀነታቸው የተቋጠረውን ገንዘብ ፈተው መቁጠር ጀመሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። «የሚቀጥለው ዕቁብ የእኔ ተራ ነው፤ ዳኛውን ጧት አናግረዋለሁ» አሉ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።