ይሄ ቸኮሌት የጾም ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ ቤት መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የቀረ ቸኮሌት አለ? እኛ ቤት ነበር፤ እናቴ መሳቢያ ውስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሴምበር ሲመጣ ሲያትል ቸኮሌት በቸኮሌት ይሆናል። ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይሰጣል፣ መሥሪያ ቤት ያድላል። የኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ስለሚዘልቅ፣ የፈረንጆቹ ገና የሚውለው በጾሙ መሃል ነው። ልጆቼ በየዓመቱ ለአያታቸው አንድ ቸኮሌት በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧታል። እሷም መርቃቸው «ለፍስክ ይቆየኝ» ትልና መሳቢያዋ ውስጥ ታስገባዋለች። ፍስኩ ሲመጣ ዶሮው ይመጣል፣ ቸኮሌቱ ይረሳል። ባለፈው ዓመት ዕቃ ስንፈልግ መሳቢያውን ብንከፍተው ሦስቱም ከነመጠቅለያቸው ተገኙ። ትንሹ ልጄ ምንም አላለም፤ ፊቱ ግን ተናገረ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። መጀመሪያ ሲሰጧት እሽጉን ገልብጬ ሳነብ «ኮኮዋ በተር» የሚል አየሁና «እማዬ፣ ቅቤ አለበት» አልኳት። ሬስቶራንት ይዤ፣ ቀኑን ሙሉ «ይሄ የጾም ነው?» የሚል ደንበኛ እያስተናገድኩ! ኮኮዋ በተር እኮ ስሙ ነው እንጂ የላም ቅቤ አይደለም። ዘይት ከኑግ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እሱም ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ ቅባት ነው። ወተት ያልገባበት ጥቁር ቸኮሌት የጾም ምግብ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ የበደልኩትን ልካስ ብዬ፣ ሬስቶራንቱ በሚዘጋበት ሰኞ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እናቴ እህል ከቀመሰች ወዲያ፣ ስድስት ዓይነት ጥቁር ቸኮሌት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ቀማሾቹ እናቴ፣ የ14 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጄና እኔ ነን። ያገኘነውን ላካፍላችሁ።

ምሬቱ ከየት መጣ?

ቸኮሌት ከረሜላ ከመምሰሉ በፊት የዛፍ ፍሬ ነው። የካካዎ ዛፍ የሚበቅለው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ በምድር ወገብ አካባቢ ነው። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና፣ ከዚያው ከአፍሪካችን ነው። ፍሬው ተሰብሮ ዘሩ ከነነጭ ሥጋው ይወጣና ብዙ ቦታ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ይብላላል። ቆጮ ሲብላላ ያየ ሰው ይሄ አይገርመውም። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይቆላል፣ ገለባው ይለያል፣ ይፈጫል። ልክ እንደ ቡናችን፣ ደህናው ሽታ የሚመጣው ሲቆላ ነው።

እሽጉ ላይ «70%» ሲል ከ100 ግራሙ 70ው ከካካዎ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ጥቁሩም ቅባቱም ተደምሮ። የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ስኳሩ ይቀንሳል፣ ምሬቱ ይጨምራል። እንግዲህ ልጅ ስታስለምዱ ከ85% አትጀምሩ፤ «እንደ ሬት መረረኝ» ብሎ ሁለተኛ አይመለስም። ከ55% ወይም ከ60% ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ። እኛ የቀመስነው ሁሉም 70% ነው።

የሲያትል ልጆች ይሄን ሁሉ በዓይናቸው የሚያዩበት ቦታ ነበራቸው። ቲዮ ቸኮሌት በ2006 በፍሪሞንት ሠፈር ሥራ ጀምሮ፣ ካካዎውን ከፍሬው አንስቶ እዚያው ይቆላና ይፈጭ ነበር። ጎብኚ እያስገባም ያሳይ፣ ያስቀምስ ነበር። ስሙ የመጣው «የአማልክት ምግብ» የሚል ትርጉም ካለው ከዛፉ የሳይንስ ስም፣ ከቲዮብሮማ ነው። በ2023 ኩባንያው ከአሜሪካን ሊኮሪስ ጋር ሲዋሐድ የፍሪሞንቱ ፋብሪካ ተዘጋ። ሌላዋ የከተማችን ስም ፍራን ቢግሎ ናት፤ ፍራንስ ቸኮሌትስን በ1982 ከፍታ፣ ጨው ጣል በተደረገበት ካራሜል ታዋቂ ሆናለች። ያኛው ግን ክሬምና ቅቤ ስላለበት ለፍስክ ይቆያችሁ።

አቀማመስ

ቡና የሚቀምስ ሰው አይቸኩልም። ቸኮሌትም እንደዚያው ነው።

ቸኮሌቱ ከፍሪጅ የወጣ አይሁን፤ የቀዘቀዘ ጣዕሙን ይደብቃል። ቁራሹን ጆሯችሁ አጠገብ ስበሩት፤ ጥሩ ቸኮሌት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አሽትቱት። ከዚያ ምላስ ላይ አስቀምጡና አታኝኩ። የካካዎ ቅባት ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ራሱ ይሟሟል። ልጆች ይሄን ጨዋታ ይወዱታል፤ ማን ሳያኝክ ይቆያል እያሉ ይፎካከራሉ። በየመሃሉ ውኃና ቁራሽ ዳቦ ይኑር። ለስላሳውን አስቀድሙ፣ ናናውንና የሚያቃጥለውን መጨረሻ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሌላው አይታወቃችሁም።

አንድ ሕግ ደግሞ አወጣን። «ጉድ ነው» ወይም «ያክ» ማለት ክልክል ነው፤ ሰው ሁሉ ጣዕሙን በአማርኛ ይናገር። ይሄን ሕግ ያወጣችው ሴት ልጄ ናት፤ እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ።

ስድስቱ

የባሕር ጨው፦ በሱ ጀመርን። ጨው ምሬትን ያለዝባል፤ ወጥ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጨዉ ምላስ ላይ ቆርቆር ይላል፣ ከዚያ ጣፋጩ ከኋላ ይመጣል። ለጀማሪ የሚሆነው ይሄ ነው። ልጆቹ 9 ሰጡት፣ እናቴ «ጨው ያለው ጣፋጭ? ጉድ ነው!» ብላ ሁለተኛ ቁራሽ ወሰደች። ሕጉ እሷን አልነካትም። ከ10 ውስጥ 9።

ብርቱካን፦ ሽታው ከአፍ ቀድሞ ይደርሳል። ምሬቱ ከብርቱካን ልጣጭ ምሬት ጋር ይዛመዳል፣ አይጣሉም። ከቡና ጋር ከሁሉም የተስማማው እሱ ነው። 8።

ራስቤሪ፦ በየአጥሩ ሥር ለቅመን የበላነው እንጆሪ ዘመድ ነው። ልጄ «ሳወር ነው» ሊል ሲል አያቱ ቀደመችው፤ «ጎምዘዝ ይላል» አለች። «ጎምዛዛ ምንድነው?» አላት። «ኮምጣጣም ሆኖ መረር ሲል፣ ጥርስህን እንዲህ ሲያደርግህ» ብላ ፊቷን ጨመደደች። ልጁ ፊቱን እንደሷ አጨማዶ ሦስት ጊዜ ደገመው። ለሱ የቀኑ አንደኛ ይሄ ሆነ። 9።

ዝንጅብል፦ በስኳር የደረቀ ዝንጅብል ተከትፎ ገብቶበታል። ጉሮሮን ያሞቃል፤ ሻያችንን ያስታውሳል። ሴት ልጄ ዝንጅብሉ ጥርስ ላይ ተጣበቀብኝ አለች። እኔ ወደድኩት። 7።

ናና፦ እዚህ ተጣላን። ልጆቹ ይሄን ጣዕም አይስክሬም ላይ ስለሚያውቁት ደስ አላቸው። እናቴ «ጥርሴን የታጠብኩ መሰለኝ» አለች። እኔም ከሷ ጋር ነኝ፤ ናናው በዝቶ ካካዎውን ሸፍኖታል። ማጣፈጫ ዋናውን ከሸፈነው በዝቷል ማለት ነው፤ ለወጥም ለቸኮሌትም ያው ነው። 5።

ቃሪያ፦ ልጆቹ በፍርሃት ነው የነኩት። ቸኮሌቱ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ሊያልቅ ሲል ጉሮሮ ላይ ይለበልባል። ቅባቱ ቃጠሎውን ስለሚይዘው ነው ዘግይቶ የሚመጣው። እናቴ ፈገግ ብላ «ይቺማ ሚጥሚጣ አላየችም» አለች። ቤት ውስጥ ብትሞክሩት ደግሞ፣ ተራውን ጥቁር ቸኮሌት በሙቅ ውኃ ላይ አቅልጣችሁ ትንሽ የተፈጨ ኮረሪማና ቁንጥር ሚጥሚጣ ጣሉበት፤ ወረቀት ላይ አፍስሳችሁ አቀዝቅዙት። እኛ እንደዚያ አድርገን ከተገዛው አስበለጥነው። የተገዛው 7።

ሰባተኛው

ስድስት አልኩ እንጂ የገዛሁት ሰባት ነበር። ሰባተኛው አልሞንድ ያለበት ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «ዳርክ» ይላል። እሱን አላነበብኩትም፤ ጥቁር ከሆነ የጾም ነው ብዬ። እናቴ ቁራሹን አንስታ ወደ አፏ ልታስገባ ስትል ሴት ልጄ እሽጉን ይዛ «እማማ፣ አትብዪው!» ብላ ጮኸች። ከጀርባው በትንሹ «ሚልክ ፋት» ይላል። ወተት ነው። ለሦስት ዓመት የሚበላውን ከልክዬ፣ በአራተኛው የማይበላውን ላጎርሳት ነበር።

ስለዚህ አደራ፣ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ። «ሚልክ»፣ «ሚልክ ፋት»፣ «በተር ኦይል»፣ «ዌይ»፣ «ላክቶስ»፣ «ኬሲን» ካለ ወተት አለበት። «ኮኮዋ በተር» ካለ ችግር የለውም። «ሜይ ኮንቴይን ሚልክ» የሚለው ደግሞ ወተት በሚነካው ማሽን ተሠርቶ ይሆናል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ለጾም ስላለው ነገር ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ። ወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 100 ጥቁር ቸኮሌቶች መርምሮ በ2015 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በእሽጋቸው ላይ ወተት አለብን ካላሉት 88 ውስጥ በ51ዱ ወተት አግኝቷል። ሙስሊም ቤተሰቦችም እግረ መንገዳችሁን አልኮል የገባበት እንዳይሆን እዩ።

በልኩ

እናቴ ሁለት ሁለት ቁራሽ ከቀመስን በኋላ የቀረውን ሰበሰበችው። «ጾም እኮ የሆድ ብቻ አይደለም፤ ይበቃል» አለች። እውነቷን ነው፤ ለጤናም ቢሆን በልክ ይሻላል። 28 ግራም ያህል 70% ቸኮሌት 20 ሚሊግራም አካባቢ ካፌይን ይኖረዋል። ከአንድ ኩባያ ቡና በጣም ያንሳል፤ ግን ማታ ለልጅ ብትሰጡ እንቅልፍ ያጣው ልጅ ብቻ አይሆንም። ኮንሱመር ሪፖርትስ ደግሞ በ2022 መጨረሻ 28 ጥቁር ቸኮሌቶች አስመርምሮ በሁሉም ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ ብረቶች አግኝቷል። ስለዚህ፣ በተለይ ለልጅና ለነፍሰ ጡር፣ የየቀን ምግብ ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚቀመስ ይሁን፤ ዓይነቱንም አለዋውጡ።

አቀማመጡ ላይም ለኛ ቤት የተለየ ምክር አለኝ። ቸኮሌት ሽታ ይስባል። ከበርበሬና ከቆሎ ጋር አንድ ቁምሳጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁት በሳምንቱ በርበሬ በርበሬ ይላል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ያለና ጨለም ያለ ቦታ አድርጉት። ላዩ ነጣ ቢል ሻጋታ መስሏችሁ አትጣሉት፤ ሙቀት አግኝቶት ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ ይበላል።

በማግስቱ ልጄ ቁርስ ላይ ግሬፕ ፍሩት ቀምሶ ዞር አለና «እማማ፣ ጎምዛዛ!» አላት። ያ ቃል እሱ አፍ ውስጥ አልነበረም። የኛ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ያውቃሉ፤ የጣዕም ቃል ግን ከአያት ጋር ቁጭ ብለው ካልቀመሱ ከየት ያገኙታል? ትምህርት ቤት አያስተምራቸውም።

በሉ እንግዲህ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ገዝታችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ትልቅም ትንሽም አስቀምጣችሁ ቅመሱ። እሽጉን ልጆቹ ያንብቡ፤ ጣዕሙን አያቶች ይሰይሙት። የልጆቹም ስጦታ መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

መልካም ቅምሻ!