ሚቃት በአየር ላይ

ከአዲስ አበባ ጅዳ የአየር ርቀቱ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቀድሞ ሑጃጆች በእግር፣ በበቅሎና በመርከብ ሳምንታት የፈጀባቸውን መንገድ አውሮፕላን በ2 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ! ግን ፍጥነቱ ሚቃት እንዳያሳልፈን እንጠንቀቅ።

ከደቡብ ለሚመጣ ተጓዥ ሚቃቱ ከመካ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የለምለም ነው። አውሮፕላኑ በትይዩው የሚያልፈው ጅዳ ሊያርፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ሐጅ ወይም ዑምራ አስቦ ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ፣ ወደ ሚቃቱ ተመልሶ ኢሕራም ያደርጋል፤ ካልተመለሰ እርድ አለበት።

ስለዚህ ትጥበቱንና የኢሕራም ልብሱን ከቤት ጨርሱ። ኒያውንና ተልቢያውን አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ሚቃቱ ሳያልፍ አድርጉ። እንቅልፍ የሚያሰጋው ቀደም ብሎ ቢነይት ኢሕራሙ ይጸናል። አላህ ይቀበለን!