አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፦ አክብሮት በአማርኛ ግስ ውስጥ

ሰው ለሰው የሚገባውን ክብር የሚገልጽበት ብልሃት በየሕዝቡ ዘንድ አለ፤ ልሳናት የሚለያዩት ይህን ክብር በየትኛው የቋንቋ ክፍል እንደሚያኖሩት ነው። እንግሊዛዊው ሰውን ለመጥራት የሚጠቀምበት ግስ ለንጉሥም ለሕፃንም፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ስለ ሆነ፣ ትሕትናውን ሊያሳይ ሲወድ «ፕሊዝ» የሚለውን ቃል ይጨምርበታል፤ ሳይወድም ይተወዋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ይህ ነፃነት የለውም። «ና»፣ «ነይ»፣ «ይምጡ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ ሊጠራ አይችልምና፣ የሚጠራው ሰው በእርሱ ዘንድ ያለውን ስፍራ ጥሪው ሳያልቅ ተናግሮ ይጨርሳል። በእኛ ቋንቋ አክብሮት የግሱ አካል ነው። ይህ የግስ አክብሮት እንዴት እንደ ተሠራ፣ ሊቃውንት ስለ እርሱ ምን እንዳሉ፣ ከሁሉም ይልቅ ልጆቻችን ከማን እንደሚማሩት መመርመር የቋንቋውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የአኗኗራችንንም ጠባይ ያሳያል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት የሚወድ ሰው ከካዛንቺስ በሚነሣ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሮ ጆሮውን ይስጥ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ለሁሉም በብዙ ቁጥር ስለሚናገር ማንንም አያስቀይምም፤ ነጠላ ያጣፉ እናት ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሊሳፈሩ ሲቀርቡ ግን ድምፁን ለዘብ አድርጎ «እናቴ፣ ቀስ ብለው ይግቡ» ይላል፤ ከኋላቸው ለምትከተለው ተማሪ ደግሞ «ግቢ፣ ግቢ» ይላታል። ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ጥበብ የሚገለጠው ተሳፋሪው ሊወርድ ሲፈልግ ነው። የሾፌሩን ማጅራት እንጂ ፊቱን የማያይ ሰው «አቁም» ቢል ድፍረት ሊሆንበት፣ «ያቁሙ» ቢል ከልክ ያለፈ ሊመስልበት ይችላልና፣ «ወራጅ አለ» ይላል። በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚያዝም የሚታዘዝም የለም፤ ስለዚህ ማንም ከማንም በላይ ወይም በታች ሳይሆን መኪናው ይቆማል። በስልክም እንዲሁ ነው፤ ድምፁን እንጂ ማንነቱን ያላወቅነውን ሰው «ማን ነህ?» ወይም «ማን ነዎት?» ብለን ከመጠየቅ ይልቅ «ማን ልበል?» የምንለው፣ ግሱን ወደ ራሳችን መልሰን የሌላውን ጾታና መዓርግ ከመገመት ለመዳን ነው።

የአክብሮቱን ግስ አሠራር ለመረዳት «ይምጡ» የሚለውን ቃል መመርመር ይበቃል። ይህ ቃል በትውልዱ የሦስተኛ መደብ የብዙ ቁጥር ነው፤ «እነርሱ ይምጡ» እንደምንል «እርስዎ ይምጡ» እንላለን፤ «እነርሱ መጡ» እንደምንልም «እርሳቸው መጡ»፣ «እርስዎ መጡ» እንላለን። በፊታችን የቆሙት ብዙ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ «ኑ» እና «መጣችሁ» በተባሉ ነበር። እንግዲህ አማርኛ አንድን የተከበረ ሰው ሲያነጋግር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ይቈጥረዋል፣ በፊቱ ያለውንም በሩቅ እንዳለ አድርጎ ይጠራዋል። ከእነዚህ የተነሣ ሦስተኛ ነገር ይከተላል፤ በ«ና» እና በ«ነይ» መካከል የነበረው የተባዕታይና የአንስታይ ልዩነት ይጠፋና ሽማግሌውም አሮጊቷም በአንድ ግስ ይከበራሉ። ተውላጠ ስሙም ቢሆን ሩቅ መንገድ የመጣ ነው፤ «እርሱ»፣ «እርሳቸው»፣ «እርስዎ» የሚሉት ሁሉ መሠረታቸው «ርእስ» የሚለው የግእዝ ቃል ነውና፣ የጥንቱ ተናጋሪ የሰውየውን ራስ ጠቅሶ ሰውየውን ያመለክት ነበር። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠር ደግሞ «አንቱ» የሚለው የአክብሮት ተውላጠ ስም እስከ ዛሬ ይሰማል፤ አዲስ አበባ ይህን ቃል በዕለት ንግግሯ ብትተወውም፣ በሙያው የተመሰከረለትን ሰው ሁሉ «አንቱ የተባለ» ማለቷን አልተወችም።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ የሚኖሩት ስሎቬናውያን፣ ቋንቋቸው የሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ልሳን ቢሆንም፣ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚሆን የጥንድ ቁጥር ሳይቀር ጠብቀው ያቆዩ ጠንቃቆች ናቸው፤ ወዳጃቸውን «ቲ»፣ የሚያከብሩትን ደግሞ በብዙ ቁጥር «ቪ» ይላሉ። ቀድሞ በእነርሱ ዘንድ ከዚህ ከፍ ያለ ሦስተኛ ደረጃ ነበር፤ እጅግ የተከበረውን ሰው ፊት ለፊቱ እያነጋገሩት «እነርሱ» ይሉት ነበር፤ ይህም ከእኛ «ይምጡ» ጋር በአሠራሩ አንድ ነው። እነርሱ ይህን ደረጃ ጊዜ አልፎበት ሲተዉት፣ ጀርመኖች ግን የአክብሮት መጠሪያ አድርገው እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። እንግሊዝኛም ቢሆን በጥንት ዘመን ለቅርብ ሰው «ዛው»፣ ለብዙዎችና ለተከበረ ደግሞ «ዩ» ይል ነበር፤ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን የመጀመሪያው ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄዶ ሁሉም ሰው «ዩ» ሆነ። እንግዲህ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዛሬ ሕፃኑንም ውሻውንም የሚጠራው በቀድሞ የአክብሮት ቃል ነው።

ይህ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ልዩነት፣ ካዛንቺስ ባለበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚነካ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫው በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈርሟል። እንዲህ ባለው ጉባኤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ አስተርጓሚ «ዩ» የሚለውን ቃል በሰማ ቍጥር የተናጋሪውን ቃል ብቻ ሳይሆን የሰሚውን ዕድሜ፣ ጾታና መዓርግ ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ እንግሊዝኛው ያልነገረውን ነገር አማርኛው ያለ ምሕረት ይጠይቀዋልና።

ሊቃውንት ይህን ጉዳይ በሥርዓት መመርመር ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። የሥነ ልቡና ሊቁ ሮጀር ብራውንና የሥነ ጽሑፍ ሊቁ አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ዝነኛ ጥናት፣ የአውሮፓን ተውላጠ ስሞች የሚገዙ ሁለት ኃይላት እንዳሉ አስረዱ። አንደኛው ሥልጣን ነው፤ የበላይ የበታቹን በነጠላ እየጠራ ከእርሱ ብዙ ቁጥር ይቀበላል። ሁለተኛው ቅርበት ነው፤ የሚተዋወቁና አንድ ዕጣ ያላቸው ሰዎች ተመሳሳይ ቃል ይለዋወጣሉ። አማርኛም በዚህ ረገድ ከሳይንስ ዓይን አልተሰወረም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች በተጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሱዛን ሆበን ስለ አማርኛ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስሞች ትርጉም ጥናታቸውን አቅርበዋል።

ሥልጣን ብቻ ሁሉን እንደማይገዛ ከሚያስረዱት ምስክሮች ሁሉ የሚበልጠው ጸሎት ነው። ከቂርቆስ እስከ ኡራኤል በየአጥቢያው የሚጸልይ ምእመን ለደብሩ አስተዳዳሪ «አባታችን፣ ይባርኩኝ» ይላል፤ ወዲያው ዞሮ ፈጣሪውን ሲለምን ግን «አቤቱ፣ አንተ ታውቃለህ» ይላል፤ ወላዲተ አምላክንም «አንቺ» ብሎ ይማፀናል። ግእዝ የአክብሮት ተውላጠ ስም ስለሌለው ልማዱ ከዚያ መወረሱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ለእያንዳንዱ ሹም «እርስዎ» ማለትን ከለመደ በኋላ እንኳ ከሹማምንት ሁሉ በላይ ለሆነው ያን አለመስጠቱ፣ ቅርበት ከመዓርግ ሊበልጥ እንደሚችል ያስተምራል። ስሎቬናውያንም አባታችን ሆይ ሲሉ ለአምላካቸው የወዳጅነቱን «ቲ» ይጠቀማሉ። ልጅ ለእናቱ «አንቺ» ማለቱ ከንቀት የማይቈጠርበት ብዙ ቤት መኖሩም ከዚሁ ምሥጢር የተነሣ ነው።

ሌላው የምርምር መንገድ ወደ ሰው ልብ የቀረበ ነበር። የማኅበረሰብ ሊቁ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1955 ሰዎች በንግግር ጊዜ ሁሉ የራሳቸውንና የሌላውን «ፊት» ለመጠበቅ እንደሚደክሙ ጻፉ። ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ የተናቀ ሰው «ፊት ነሣኝ» ይላል፣ ባለጌን ያደፋፈረም «ፊት ሰጥቶት ነው» ተብሎ ይወቀሳል። ፔነሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን በእንግሊዝኛ፣ በሕንድ ታሚልኛና በሜክሲኮ ጸልታልኛ ላይ በመመሥረት እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ሐሳብ አስፋፉት። እንደ እነርሱ አስተያየት እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይሻል፤ መወደድን፣ ደግሞም አለመደፈርን። ሰው ከሰው ነገር ሲለምን የሚያሳየው ትሕትና መጠኑ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በሰሚው ሥልጣን፣ በመካከላቸው ባለው ርቀት፣ በተለመነውም ነገር ክብደት። ብርጭቆ ውሃ የሚፈልግ እንግዳ «እስቲ ውሃ ስጡኝ» ማለቱ ይበቃዋል፤ ገንዘብ የሚበደር ግን «ካላስቸገርኩዎ»፣ «ቢሆንልኝ» እያለ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው በዚሁ ሚዛን መሠረት ነው። ብዙ ቁጥር ስለ ምን የአክብሮት ምልክት እንደ ሆነም በዚሁ ይገለጣል፤ አንድን ሰው ለይቶ መጥራት በእርሱ ላይ ጣት እንደ መቀሰር ስለሚሆን፣ ብዙ ቁጥሩና ሩቅ መደቡ ጣቱን ያጥፋሉ።

ይህ ትምህርት ከእስያ ተቃውሞ ገጠመው። ጃፓናዊቷ ሊቅ ሳቺኮ ኢዴ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስረዱት፣ አክብሮት በሰዋስው ውስጥ በተተከለባቸው ቋንቋዎች ትሕትና ተናጋሪው ለጥቅሙ የሚመርጠው ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ስፍራን አውቆ ለስፍራው የሚገባውን መፈጸም ነው። ይህ አስተያየት ለአማርኛ እጅግ የሚስማማ ይመስለኛል። የእኛ ሽማግሌ «ጨዋ» የሚለው ሰው ለምኖ የሚያገኝበትን ቃል የሚያውቀውን አይደለም፤ ምንም በማይፈልግበት ጊዜም ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ኖር» የሚለውን ነው፤ ታላቁም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ከግሱ ሌላ የአክብሮታችን ማደሪያ ምርቃት ነው። ያስነጠሰው «ይማርህ» ሲባል «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል፤ ውለታ የተደረገለትም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ትርጉሙ እኔ ልከፍለው አልችልምና ሰጪው ፈጣሪ ይክፈልህ ማለት ነው። ስሎቬናዊው ለሚያስነጥሰው ጤና ይመኝለታል፤ ሲያመሰግንም «ህቫላ» ይላል፤ ይህ ቃል እንደ እኛ «ምስጋና» ሁሉ ውዳሴንም ምስጋናንም ያጠቃልላል። እንግሊዛዊው ሲሰናበት የሚለው «ጉድባይ»ም «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ከሚል ምርቃት የተኰማተረ ነው። የምርቃት ሥር በብዙ ምድር አለ፤ በእኛ ዘንድ ግን ሥሩ ገና አልተቀበረም።

የመዓርግ ስሞች ከዘመን ጋር ይለዋወጣሉ። «ወይዘሮ» ቀድሞ የመሳፍንት ዘር የሆኑ ሴቶች መጠሪያ ነበረ፤ ኋላ የባለትዳር ሴቶች ሁሉ ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጓድ» የሚለው ቃል የሹመትን ስሞች ሁሉ ሊተካ መጣ፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ራዲዮ ራሱ «ጓድ እገሌ ገለጹ» እንጂ «ገለጸ» አላለም። የእኩልነቱ አዋጅ ስሙን ሲለውጥ ግሱን ሊነካው አልቻለም፤ የአክብሮቱ ሥር የት እንዳለ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ይሁን እንጂ ግሱ በአዋጅ ባይጠፋም በዝምታ ሊጠፋ የሚችልበት አንድ በር አለ። ሕፃን ቋንቋን በመጀመሪያ የሚማረው ለእርሱ ከሚነገረው ነው፤ እርሱን ደግሞ ሁሉም ሰው «ና»፣ «ብላ»፣ «ተቀመጥ» ይለዋል እንጂ «ይቀመጡ» የሚለው የለም። ስለዚህ የአክብሮትን ግስ ሊማር የሚችለው ታላላቆች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ በመስማት ብቻ ነው፤ እናቱ ጎረቤቷን «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ቡና ደርሷል» ስትል፣ አባቱም በዕድር ስብሰባ «እርስዎ እንዳሉት» ብሎ ሲጀምር። በባዕድ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ አያቱን በስልክ «አያቴ፣ እንዴት ነህ?» ቢላቸው ብልግና አይደለም፤ ሲጠራበት የኖረውን ግስ ለአያቱ መመለሱ ነው፤ ሌላውን የሚሰማበት ደጅ አላገኘምና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስሙን ያገኘው ካዛንቺስ፣ ለብዙ ዓመታት ሀብታምና ድኻ፣ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ግቢ ተጠጋግተው የኖሩበት ስፍራ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከነባር ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ከተማ ማደሱ የራሱ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን በሩን ዘግቶ በሚኖር ሕንፃ ውስጥ ያደገ ልጅ ከባዕድ አገሩ ልጅ ጋር በአንድ ችግር ላይ መሆኑን ወላጆች ሊያስቡበት ይገባል። መድኃኒቱም «እርስዎ በል» እያሉ መገሠጽ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ ቃሉን እንጂ ጆሮውን አያስተምርምና። ልጁን ወደ ለቅሶ ቤት፣ ወደ ዕድር፣ ወደ ቡና መጠጫው ይዞ መሄድ፣ ታላላቅ ሰዎች ሲጫወቱ «ሂድ ወደ ውጭ» ከማለት አጠገባቸው አስቀምጦ ማስደመጥ ይሻላል። አክብሮትን በግሱ ውስጥ ያኖረ ቋንቋ የወረሰ ሕዝብ፣ ግሱን ለልጁ የሚያሰማበትን ጉባኤ የመጠበቅ ግዴታም አብሮ ወርሷል።