የሚተካው ምንድን ነው?

የኒኮቲን ፓች ወይም ማስቲካ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል ወይ ብለው አዋላጅ ነርሶች ሲጠይቁኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም እጠይቃለሁ፤ እናቲቱ የምትጠቀመው ምንድን ነው? ሞያሌ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከማርሳቤት ካውንቲ፣ ከኦቡና ከሶሎሎ በኩል የሚመጡት እናቶች ከኛ በኩል ካሉት ጋር ገበያቸውም ልማዳቸውም አንድ ነው። እኛ የተማርነው የኒኮቲን መተኪያ ሕክምና ግን ሲጋራ ለምታጨስ ሴት የተዘጋጀ ነው። የኦቡ እናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በኬንያ በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ከአዋቂ ሴቶች መካከል የሚያጨሱት 0.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚታኘክ ትምባሆና ሱረትን የመሰለ ጭስ አልባ ትምባሆ የሚጠቀሙት ግን 3.8 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብሎ የጠየቀ ባለሙያ «ኧረ በፍጹም!» የሚል እውነተኛ መልስ ያገኛል፤ ካርዱ ላይም «የለም» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ኒኮቲኑ ጉንጯ ሥር ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ትምባሆ ነፍሰ ጡሯ በመጀመሪያው ክትትልም፣ ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥርም እንድትጠየቅ ይመክራል። እኔ የምለው፣ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፤ ትምባሆ ታኝኪያለሽ? ሱረት ትስቢያለሽ? ባለቤትሽስ ቤት ውስጥ ያጨሳል?

ይህን ስንጠይቅ አማቷ አጠገቧ መቀመጣቸውን አንርሳ። በቦረና ትምባሆ ከቡና ጋር ለሽምግልናና ለጋብቻ የሚቀርብ የክብር ስጦታ ነው። «እኛስ ይዘን አልወለድንም?» ይላሉ አሮጊቷ። እሳቸውን የሚያሳፍር ንግግር ምራቲቱን አያድናትም። ስለዚህ በቅድሚያ የማናግረው እሳቸውን ነው፤ «አኮ (አያቴ)፣ እርስዎ በደህና ወልደዋል፣ እሰየው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ከስቶ የተወለደ ሕፃን ግን በሰፈሩ አይተው አያውቁም?» እላለሁ። አይተዋል። ጭስ የሌለው ትምባሆም ያለ ጊዜ ከመወለድ፣ ከክብደት ማነስና ሞቶ ከመወለድ ጋር እንደሚያያዝ ከዚያ በኋላ ብነግራቸው ያዳምጡኛል። በኬንያ ብዙ ቦታ እንደሚደረገው በማጋዲ ሶዳ የታሸ ትምባሆ ደግሞ ይብሳል፤ ሶዳው ኒኮቲኑን ቶሎ ከአፍ ወደ ደም ያሳልፈዋል።

ለምን እንደያዘችውም መስማት ያስፈልጋል። አንዷ ለማቅለሽለሽ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ቃር ያስታግሥልኛል። ብዙዎቹ ግን ከእኛ ጋር ሲግባቡ የሚናገሩት ስለ ረሃብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከብቱ አለቀ፤ ትምባሆ ሆድን ያስረሳል። ለዚህች እናት ፓች መለጠፍ የምግቡን ጉዳይ አይመልስም። ወደ ምግብ ድጋፍ መላክ የትምባሆ ሕክምናዋ አካል ነው፤ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በአዲስ አበባ–ናይሮቢ መንገድ ላይ ባሉት ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ውስጥ የምትሠራ፣ በቀን አሥር ሲጋራ የምታጨስ ነፍሰ ጡር ብትመጣ፣ በምክር ብቻ ማቆም ካቃታት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ፓች ወይም ማስቲካ ብትጠቀም እመርጣለሁ። ምክንያቱም ከሲጋራው ጋር ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይቀራል፤ የሕፃኑን ኦክስጅን የሚሻማው እሱ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩት የጭሱ ኬሚካሎችም ይቀራሉ። ኒኮቲን ራሱ ለጽንስ የዋህ ነገር አይደለም፤ የእንስሳት ጥናቶች የአንጎልና የሳንባ ዕድገትን እንደሚያውክ ያሳያሉ። ፓቹ ሌሊት የሚወልቀው፣ የ16 ሰዓቱ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የእንግሊዝ ጥናት 1,050 ነፍሰ ጡር አጫሾች ተሳትፈው ነበር፤ እውነተኛ ፓች ከተሰጣቸው እስከ ወሊድ ሲጋራ ያቆሙት 9.4 በመቶ፣ ባዶ ፓች ከተሰጣቸው 7.6 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን ፓቹን ከአንድ ወር በላይ የተጠቀሙት ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በእርግዝና ጊዜም ሰውነት ኒኮቲንን ቶሎ ስለሚያስወግድ መጠኑ አንሷቸው ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ከፓቹ የመጣ ጉዳት አልታየባቸውም።

ለምታኝከው ግን ይህ ስሌት አይሠራም። የሚወገድ ጭስ ስለሌለ ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት ይሆናል። የተጠኑትም አጫሾች ነበሩ። ስለዚህ ለእሷ ፓች የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም፤ ምክሩ፣ ክትትሉ፣ ቀስ በቀስ መቀነሱ ይቀድማል። ሌሎቹ የማቆሚያ መድኃኒቶች፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮንማ፣ በእርግዝና አይመከሩም። ትምባሆውን ትቼ ጫት ልያዝ የምትል ካለችም እምቢ እላለሁ፤ ጫት የልጅን ክብደት ከማሳነሱም በላይ፣ ንጥረ ነገሩ በጡት ወተት እንደሚያልፍ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት ታይቷል።

የምታጠባ እናት ስትመጣ አጥብቄ የምነግራት አንድ ነገር አለ፤ ጡት ማጥባቱን እንዳታቆሚ። ውኃ በጀሪካን በሚመጣበት አገር የዱቄት ወተት ሌላ አደጋ ነው። ኒኮቲን ወተት ውስጥ ከደም ይልቅ ሦስት እጥፍ ገደማ ይከማቻል፤ በየሁለት ሰዓቱም በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ልጇን ታጥባ፣ ከዚያ ማስቲካውን ትያዝ። በአውስትራሊያ በተደረገ ጥናት በ21 ሚሊግራም ፓች ጊዜ ወተቱ ላይ የተገኘው ኒኮቲን በቀን 17 ያህል ሲጋራ ሲጨስ ከነበረው ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ ወደ 7 ሚሊግራም ሲወርድ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እናም መጠኑን ቶሎ ማውረዱ ዋጋ አለው።

ከናይሮቢ የመጣ በቆርቆሮ የታሸገ የኒኮቲን ከረጢት ይዘው «ይሄ መድኃኒቱ አይደለም?» የሚሉም አሉ። አይደለም። ሊፍት የተባለው ከረጢት በኬንያ እንደ መድኃኒት ተመዝግቦ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጤና ሚኒስትሩ ሙታሂ ካግዌ ምዝገባው ሕጉን የተከተለ አይደለም ብለው እንዲሰረዝ አዘዙ። ማሸጊያው የሚያሳስት በመሆኑ እናቶች ላይ አልፈርድም።

ባለቤትየው ሲያጨስ ግን ፓቹን ለእሱ መስጠት እመርጣለሁ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአዋቂ ወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከአዋቂ ሴቶች 1.8 በመቶ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ የጭሱ ምንጭ እሱ ነው። ጽንስ አልያዘም፣ አያጠባም፣ መድኃኒቱን በሙሉ መጠን መውሰድ ይችላል። የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጫት ይዞ ሲጋራ የሚለኩስበት ሰዓት ላይ ማስቲካው ጉንጩ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ፓቹን በማለዳ ይለጥፋል፣ ጫቱን እስኪተው ድረስ ከዛፍ ሥር ከደጅ ይቀመጣል፣ የወለቀውን ፓች አጣጥፎ ልጆች ከማይደርሱበት ይጥላል።