ጅቡቲ ላይ ሃሚንግበርድ አትጠብቁ

በስልካችን ቪዲዮ የምናየው፣ አየር ላይ ቆሞ ከቀይ ማጠጫ ስኳር ውሃ የሚመጠው ትንሽ ወፍ ሃሚንግበርድ ይባላል። ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከ350 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከአሜሪካ አህጉሮች ውጭ ግን በዱር የሚኖር አንድም የለም። ማጠጫውን ከውጭ አስመጥቶ ጅቡቲ ከተማ በረንዳው ላይ የሰቀለ ሰው ሃሚንግበርድ ልይ ቢል ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል። አበባ ላይ ሲያንዣብብ አየሁት የሚል ካጋጠማችሁም፣ ያየው በቀን የሚበር የእሳት ራት ሳይሆን አይቀርም።

ከተማዋ ግን የራሷ የአበባ ወፎች አሏት። የፀሐይ ወፎች ይባላሉ፤ ከሃሚንግበርድ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና ሳይኖራቸው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ቀጭንና ቆልማማ መንቆራቸውን አበባ ውስጥ ሰድደው ጣፋጩን ቀሰም ይመጣሉ። ጅቡቲ ውስጥ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው አንጸባራቂው የፀሐይ ወፍ ነው። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ሆኖ ደረቱን ቀይ መቀነት ይዞረዋል። በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀይ ባሕር ዙሪያ የተጓዙት ጀርመናውያኑ ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ ናቸው ለሳይንስ ያስተዋወቁት። ሁለተኛው የናይል ሸለቆ የፀሐይ ወፍ ሲሆን፣ ወንዱ በመራቢያ ጊዜ ደማቅ ቢጫ ሆድና ሁለት ረጃጅም የጭራ ላባዎች ያወጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፍና ሴቷን ይመስላል። ስለዚህ «ወንዶቹ የት ሄዱ?» ብላችሁ አትጨነቁ፤ ፊት ለፊታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለቱም ሴቶች ደብዘዝ ያሉ ናቸው።

የፀሐይ ወፍ ለአጭር ጊዜ አየር ላይ መቆም ቢችልም የሚመርጠው አርፎ መጠጣት ነው። ለሃሚንግበርድ ተብሎ የተሠራ፣ መቆሚያ የሌለው ማጠጫ የማይመቸው ለዚህ ነው። ከገዛችሁት ቀጭን እንጨት እሰሩለት። ካልገዛችሁ ደግሞ ቀይ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል፤ ክዳኑን በጋለ ቀጭን ምስማር ሁለት ሦስት ቦታ በስታችሁ፣ ከጎኑ ማረፊያ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ብርጭቆ ነጭ ስኳር በአራት ብርጭቆ ውሃ። የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የተጣራ ወይም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። ማር አትጨምሩ፤ በውሃ ሲቀጥን ቶሎ ይፈላል፣ ይሻግታል። ቀይ ቀለምም አያስፈልግም፤ ወፉን የሚጠራው የዕቃው ቀይነት ነው። ቡናማ ስኳርና የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት ማጣፈጫም ይቅር። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ የተሰቀለው ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት የሙቀት ወቅት በየቀኑ መለወጥ አለበት። በጥቅምትና በመጋቢት መካከል ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት በየሁለት ቀኑ ይበቃል። ዕቃው በሙቅ ውሃ ይፈግፈግ። ይህን ለማድረግ የሚሰንፍ ሰው ባይሰቅል ይሻላል፤ የሻገተ ስኳር ውሃ ወፏን ያሳምማታል።

ጉንዳን ከመጣ ከማጠጫው በላይ ውሃ የያዘ ትንሽ ኩባያ አንጠልጥሉ፤ ውሃውን መሻገር አይችልም። ገመዱን ዘይት ወይም ቅባት መቀባት ግን ክፉ ሐሳብ ነው፤ ላባ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን አስተያየት ልናገር፦ ስኳር ውሃ ከመክሰስ አያልፍም። የፀሐይ ወፍ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በሸረሪትና በጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ እነሱ ደግሞ ያሉት ተክል ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማጠጫ በፊት ለአበባ አውጡ። እሬት ትንሽ ውሃ ይበቃዋል፣ በባልዲም ያድጋል፤ ወጣ ያለው ቀይ ወይም ቢጫ አበባው ለዚያ ቆልማማ መንቆር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሂቢስከስም ጥሩ ነው። ግቢ ላለው ሽፈራው አለ፤ ቅጠሉ ለሰው፣ አበባው ለወፍ። ሰፊ ቦታ ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ቢተክል ጥላም ያገኛል። ተባይ ማጥፊያ መርጨት ግን የወፏን ምግብ መግደል ነው።

ለማየት ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ከማጠጫው ሦስት አራት ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚሰማው ቀጭንና ፈጣን ድምፁ ነው። ወንዱ ማጠጫውን የግሉ አድርጎ ሌላውን ያባርራል፤ አንዳንዴም የመኪና መስታወት ውስጥ ያየውን የራሱን ምስል ባላንጣ መስሎት ይነቁራል። ጠቡ ከበዛ ሁለተኛ ማጠጫ ከዕይታው ውጭ ስቀሉ።

ሴቷ በሸረሪት ድር የተሰፋ፣ በጎኑ በር ያለው፣ ከቅርንጫፍ ጫፍ የሚንጠለጠል ከረጢት መሳይ ጎጆ ትሠራለች። ድሩን ሁሉ ከበረንዳው አትጥረጉት። ጎጆ ካያችሁ ደጋግማችሁ አትጠጉ፤ ከህንድ ክፍለ አህጉር በመርከብ እየተሳፈረ ወደቦቹን የወረረው አንገተ ግራጫ ቁራ ጅቡቲንም ሞልቷታል፣ የእንቁላልና የጫጩት ሌባ ነው። ድመትም እንዳትደርስበት ማጠጫውን ከፍ አድርጉት።

በሙቀቱ ወቅት ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ማጠጫውን አውርዳችሁ፣ አጥባችሁ አስቀምጡ፤ ወፎቹ ሌላ አበባ ይፈልጋሉ። እሬቱን ውሃ እንዲያጠጣላችሁ ግን ጎረቤታችሁን አደራ በሉት።